ሀብት ሲወረስ ታሪኩም አብሮ ይወረሳል፦ የሆሄንዞለርን ቤት ክርክር

በሜይ 2025 ጀርመን ውስጥ መቶ ዓመት ያህል ሲንከባለል የኖረ ክርክር ተቋጨ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በአንድ ወገን የፌዴራሉ መንግሥት ከበርሊንና ከብራንደንቡርግ ክልሎች ጋር ቆሟል። በሌላው ወገን የቀድሞው የነጋሢ ቤተሰብ አለ። የተከራከሩት በ27,000 ገደማ ዕቃዎች ላይ ነው። ሥዕል አለ፤ የገበታ ዕቃ አለ፤ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ የቤት ዕቃም አለ። በስምምነቱ መሠረት አከራካሪዎቹ ዕቃዎች ለሕዝብ ጥቅም ወደሚቋቋም ፋውንዴሽን ይገባሉ፤ ሙዚየም ውስጥም ይታያሉ።

ዜናው የቀረበው እንደ መልካም ፍጻሜ ነው። እኔም መልካም ነው እላለሁ። የሚያሳስበኝ ግን ክርክሩ ሲያልቅ ጥያቄውም አብሮ እንዳያልቅ ነው። ጥያቄው የሥዕልና የሳህን ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። «አያት ቅድመ አያቶቼ ያፈሩትን ስጡኝ» የሚል ሰው አያት ቅድመ አያቶቹ ያደረጉትንም አብሮ ይረከባል ወይ የሚል ነበር። መልሴ አዎ ነው። ለምን እንደሆነ ለማሳየት የቤቱን ታሪክ ትንሽ መንገር ያስፈልጋል።

ቤቱ የሆሄንዞለርን ቤት ይባላል። ስሙ መጀመሪያ የሚገኘው በ1061 ነው። ያኔ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ሽዋቤን በሚባለው አገር፣ አንድ ተራራ ላይ የተቀመጡ ባላባቶች ነበሩ። ከዚያ አንዱ የቤተሰቡ ቅርንጫፍ የኑረንበርግን ግንብ የመጠበቅና አካባቢውን የማስተዳደር ሹመት አገኘ። ትልቁ ዕድል የመጣው በ1415 ነው። ንጉሥ ሲጊስሙንድ ከቤቱ ሰው ከፍሬድሪክ ብዙ ውለታና ብድር ነበረበት። ብራንደንቡርግ የተባለውን ግዛት ሰጠው። ግዛቱ አሸዋማና ድሃ ነበር፤ ግን ገዥው ንጉሠ ነገሥቱን ከሚመርጡት ጥቂት መሳፍንት አንዱ ነው። በዚያ ዘመን ይህ መሬት ከመቀበልም በላይ ነበር።

በ1525 ሌላው የቤቱ ልጅ አልብሬክት የሚያስገርም ነገር አደረገ። እሱ የቴውቶን መስቀለኞች ማኅበር አለቃ ነበር፤ መነኩሴም ወታደርም። የሉተርን እምነት ተቀበለና የማኅበሩን ግዛት የራሱ መስፍንነት አደረገው። ፕሩሲያ የቤቱ የሆነችው እንዲህ ነው። በ1618 ሁለቱ ግዛቶች በአንድ ገዥ ሥር ገቡ። ጃንዋሪ 18 ቀን 1701 ደግሞ ሌላ ፍሬድሪክ ኮኒግስበርግ ከተማ ውስጥ ዘውዱን በገዛ እጁ ጭንቅላቱ ላይ ደፋ። ከዚያ ወዲያ የፕሩሲያ ነገሥታት ናቸው።

የነገሥታቱን ዝርዝር መደርደር አልፈልግም። ሁለቱን ግን ማለፍ አይቻልም፤ አባትና ልጅ ናቸው። አባትየው ቀዳማዊ ፍሬድሪክ ቪልሄልም «ወታደሩ ንጉሥ» ይባላል። ለቤተ መንግሥት ድግስ ገንዘብ አይወጣለትም፤ ለጦር ሠራዊት ግን አይሰስትም። ረጃጅም ወታደር መሰብሰብ አመሉ ነበር። ከውጭ አገር ሳይቀር እየተባበሉም እየተጠለፉም ይመጡለት ነበር። ልጁ ፍሬድሪክ ዋሽንት የሚነፋ፣ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ወጣት ሆነበት። በ1730 ልጁ ከአባቱ ሊያመልጥ ሞከረና ተያዘ። አባትየው የልጁን ጓደኛ፣ ካተ የተባለውን መኮንን፣ አንገቱን አስቀላው። ወጣቱ ልዑል በታሰረበት ምሽግ ሆኖ ጓደኛው ለሞት ሲወሰድ በመስኮት እንዲያይ ተገደደ። ይህ ልጅ ነው በኋላ «ታላቁ ፍሬድሪክ» የተባለው። ፕሩሲያን ኃያል አገር ያደረጋት፣ በሦስት ጦርነት ሲሌሲያን ነጥቆ የያዘው፣ ገበሬው ድንች እንዲዘራ በ1756 ያዘዘው እሱ ነው።

ጎብኚዎች ዛሬም ፖትስዳም፣ ሳንሱሲ ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ መቃብሩ ላይ ድንች ያስቀምጣሉ። መቃብሩም የራሱ ታሪክ አለው። ፍሬድሪክ ኑዛዜው ከውሾቹ አጠገብ ያለ ብዙ ሥነ ሥርዓት ቅበሩኝ የሚል ነበር። ወራሹ አልፈጸመለትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አስከሬኑ ጨው ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ተደበቀ፤ ከዚያ ወደ ማርቡርግ፣ ከዚያ ወደ ሆሄንዞለርን ግንብ ተወሰደ። ኦገስት 17 ቀን 1991 ብቻ፣ በሞተ በ205ኛ ዓመቱ፣ የተመኘው ቦታ ገባ። አንድ አገር የሞተ ንጉሡን የት እንደሚያሳርፍ ለመወሰን ይህን ያህል ከተቸገረ፣ በሕይወት ካሉት ወራሾች ጋር መቸገሩ አያስደንቅም።

እስካሁን የተናገርኩት ጀርመኖች ራሳቸው በትምህርት ቤት የሚማሩት ነው። እኛ አፍሪካውያን ደግሞ ልናነሳው የሚገባ ሌላ ምዕራፍ አለ።

በ1683፣ «ታላቁ መራጭ መስፍን» በሚባለው ፍሬድሪክ ቪልሄልም ዘመን፣ ከብራንደንቡርግ የመጡ መርከቦች በዛሬዋ ጋና ባሕር ዳርቻ ምሽግ ሠሩ። ስሙንም ግሮስ ፍሬድሪክስቡርግ አሉት፤ በመስፍኑ ስም መሆኑ ነው። ምሽጉ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይነግድ ነበር። ሰውም ይነግድ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያን በብራንደንቡርግ መርከብ ተጭነው አትላንቲክን ተሻግረዋል። የልጅ ልጁ፣ ያው ወታደሩ ንጉሥ፣ ትርፉ አላረካውምና ለሆላንዶች ሸጠው። ምሽጉን ያቋቋመው መኮንን በበርሊን ወንዝ ዳር ጎዳና በስሙ ተሰይሞለት ነበር። በ2010 ያ ስም ተነሥቶ ጎዳናው በጥቁር ጀርመናዊቷ ገጣሚ በማይ አይም ስም ተጠራ። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ትክክል ናት።

የከፋው የመጣው ግን በጀርመን ንጉሠ ነገሥት በዳግማዊ ቪልሄልም ጊዜ ነው። በ1904 የዛሬዋ ናሚቢያ፣ ያኔ የጀርመን ቅኝ ግዛት፣ ሄሬሮዎች በተቀሙት መሬትና ከብት ምክንያት ተነሡ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ የመረጠውን ጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታን ላከ። ኦክቶበር 2 ቀን 1904 ትሮታ ሄሬሮ ሁሉ፣ የታጠቀም ያልታጠቀም፣ በጀርመን ግዛት ከተገኘ እንዲተኮስበት አዘዘ። ሕዝቡ ወደ ኦማሄኬ በረሃ ተነዳ። የውሃ ጉድጓዶቹ በወታደር ተጠበቁ። ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ በጥም አለቀ። ከበረሃው የተረፉት ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዙ። ብዙም ሳይቆይ የናማ ሕዝብም ይኸው ደረሰበት። ትእዛዙ በኋላ በርሊን ሲሰማ ተሻረ፤ ሕዝቡ ግን አልቋል። በ1905 ንጉሠ ነገሥቱ ለትሮታ የፕሩሲያን ከፍተኛ የጦር ኒሻን ሸለመው። ኒሻኑን ያቋቋመው ታላቁ ፍሬድሪክ ነው።

ይኼው ንጉሠ ነገሥት በዚያው ዓመት ከእኛ አገር ጋር በወዳጅነት ተዋዋለ። ፍሬድሪክ ሮዘን የሚመራው ልዑክ አዲስ አበባ ገብቶ ማርች 7 ቀን 1905 ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ፈረመ። ከዚያ ግንኙነት የተወለደው የ1906ቱ የአክሱም ጉዞ ነው። ገንዘቡን የሰጠው ቪልሄልም ነበር። መሪው ኤኖ ሊትማን ግእዝ፣ ትግርኛና ትግረ የሚያውቅ ምሁር ነው። አብረውት ሁለት የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎችና አንድ ሐኪም ነበሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሐውልቶቹን ለኩ፤ የቤተ መንግሥቶቹን መሠረት ቆፍረው ሣሉ፤ የዒዛናን ጽሑፎች ገለበጡ፤ ፎቶ አነሡ። በ1913 በበርሊን በአራት ቅጽ ወጣ። ዛሬም አክሱምን የሚያጠና ሰው ያንን ሥራ ሳይገልጥ አይጀምርም። ከዚያ ወዲህ የጠፉ ነገሮችን የምናውቀው በእነሱ ሥዕልና ፎቶ ነው።

ይህን የማነሣው ሚዛን ለማስተካከል ብዬ አይደለም። የአክሱም መጻሕፍት የናሚቢያን ሙታን አያካክሱም። አንድ ንጉሥ በአንድ እጁ የአፍሪካን ጥንታዊ ሐውልት በአክብሮት ሊያስለካ፣ በሌላው እጁ አፍሪካውያንን ያስፈጀ ጄኔራል ሊሸልም እንደሚችል ግን ማወቅ ያስፈልገናል። አድዋ ከነናሚቢያ ዕጣ የለየን መሆኑንም መዘንጋት የለብንም። ሮዘን አዲስ አበባ ሲመጣ የመጣው ጣልያንን ካሸነፈ መንግሥት ጋር ሊዋዋል ነው።

ወደ ክርክራችን እንመለስ። ኖቬምበር 1918 ጀርመን ጦርነቱን ስትሸነፍ ቪልሄልም ግንባር አካባቢ ነበር። በርሊን በአብዮት ስትናጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረዱን ራሱን ሳያስፈቅድ አወጀ። በማግስቱ ቪልሄልም ድንበር ተሻግሮ ሆላንድ ገባ። ዶርን የሚባል ቦታ መኖሪያ ገዛ። ከጀርመን ዕቃ ተላከለት፤ 59 የባቡር ፉርጎ ሙሉ። ሥዕሉ፣ ምንጣፉ፣ የወታደር ልብሱ፣ ታላቁ ፍሬድሪክ ይሰበስባቸው የነበሩ የትንባሆ ሣጥኖች ሳይቀሩ ተጫኑ። የላከችው ሕዝቧ የተራበባትና ጦርነት ያደቀቃት አዲሲቱ ሪፐብሊክ ናት። ቪልሄልም ዶርን ውስጥ እንጨት እየፈለጠ ከ20 ዓመት በላይ ኖረ፤ በ1941 እዚያው ሞተ።

ሪፐብሊኩ መኳንንቱን አልገደለም፤ አላሰረም። በ1919 ሕገ መንግሥት የመኳንንት መብት ተሻረ፤ ማዕረጉ የአባት ስም አካል ሆኖ እንዲቀር ብቻ ተፈቀደ። የዛሬው የቤቱ አለቃ ጌዮርግ ፍሬድሪክ፣ በ1976 የተወለደው፣ «የፕሩሲያ ልዑል» የሚለውን መታወቂያው ላይ የያዘው እንደ ስም ነው። ንብረቱ ግን ሳይቆረጥ ቀረ። የመንግሥት የሆነውና የቤተሰቡ የሆነው አልተለየም። በ1926 ግራ ክንፍ ፓርቲዎች የሁሉም መሳፍንት ንብረት ያለ ካሳ ይወረስ የሚል ሕዝበ ውሳኔ አስጠሩ። መወረስ ምን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። 14 ሚሊዮን 400 ሺህ ያህል ሰው ይወረስ አለ። ያልተስማሙት አብዛኞቹ ከቤት ቀሩ፤ ሕጉ ደግሞ 20 ሚሊዮን ያህል ድምፅ ይጠይቅ ነበርና ሳይሳካ ቀረ። በዚያው ዓመት የፕሩሲያ ክልል መንግሥት ከቤተሰቡ ጋር ተዋዋለ። ብዙዎቹ ቤተ መንግሥቶች ለመንግሥት ሆኑ። ቤተሰቡ ሰፊ መሬትና ብዙ ገንዘብ ቀረለት። ፖትስዳም ያለው ባለ176 ክፍል ሴሲሊንሆፍ ቤተ መንግሥትም ውስጥ አልጋ ወራሹና ዘሮቹ ለሦስት ትውልድ እንዲኖሩ ተፈቀደ።

አንዲት ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። በ1926 መጀመሪያ ከናዚ ፓርቲ ውስጥም መሳፍንቱ ይወረሱ የሚሉ ነበሩ። ሂትለር ባምበርግ ላይ ሰብስቦ ዝም አሰኛቸው። ከመሳፍንቱ ጎን ቆመ። መሳፍንቱም ይህንን አልረሱለትም።

አሁን የነገሩ እምብርት ላይ ደረስን። አልጋ ወራሹ፣ እሱም ቪልሄልም ይባላል፣ በ1923 ከስደት ሲመለስ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም ብሎ ነበር። በ1932 የፕሬዚዳንት ምርጫ ሁለተኛ ዙር ግን ሂትለርን እንደሚመርጥ በአደባባይ አስታወቀ። ቆይቶም ሁለት ሚሊዮን ድምፅ አስገኝቼለታለሁ ብሎ በደብዳቤ ተኩራርቷል። ወንድሙ አውጉስት ቪልሄልም ከ1930 ጀምሮ የፓርቲው አባል ነበር፤ በሚሊሻው ውስጥም ከፍተኛ ማዕረግ ደርሷል።

ማርች 21 ቀን 1933 የሆነውን በዝርዝር ማየት ይገባል። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ሁለት ወር አልሞላውም። የፓርላማው መክፈቻ በዓል ፖትስዳም፣ የጦር ሠራዊቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተዘጋጀ፤ የታላቁ ፍሬድሪክ አስከሬን ያኔ ያረፈበት ቦታ ነው። ለተሰደደው ንጉሠ ነገሥት አንድ ወንበር ባዶ ተተወ። ከባዶው ወንበር ኋላ አልጋ ወራሹ ተቀመጠ። ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ፣ የድሮው ማርሻል፣ ሲያልፍ በትሩን ከፍ አድርጎ ለባዶው ወንበር ሰላምታ ሰጠ። ሂትለር የሲቪል ልብስ ለብሶ ለሂንደንቡርግ እጅ ነሣ። በማግስቱ ጋዜጣው ሁሉ ያንን ምስል አወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ፓርላማው ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን ለሂትለር መንግሥት አስረከበ። ናዚዎችን እንደ መንገድ ዱርዬ ያይ የነበረ ወግ አጥባቂ ጀርመናዊ ያን ቀን «እነዚህ ሰዎች የአባቶቻችን ወራሾች ናቸው» ብሎ እንዲያምን ተደረገ። ያንን ማሳመን የሚችል ስም ጀርመን ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። የሆሄንዞለርን ስም።

ከዚያ ያለው ይታወቃል። በ1945 ቀይ ጦር መጣ። ድል አድራጊዎቹ ስለ አውሮፓ ዕጣ የመከሩት እዚያው ሴሲሊንሆፍ ውስጥ ነው። ሶቪየቶች ግቢው ውስጥ በአበባ የተከሉት ቀይ ኮከብ አሁንም አለ። በሶቪየት ይዞታ ሥር የነበረው የቤተሰቡ ንብረት ሁሉ ተወረሰ።

ጀርመን ከተዋሃደች በኋላ በ1994 የወጣ ሕግ በሶቪየት ዘመን ለተወረሰባቸው ሰዎች ካሳ ፈቀደ። አንድ ገደብ ግን አለው። ለናዚ ሥርዓት ጉልህ ድጋፍ የሰጠ ሰው ካሳ አያገኝም፤ ወራሾቹም አያገኙም። የሆሄንዞለርን ቤተሰብ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ዩሮ ጠየቀ። ከዚያ ሌላ የብዙ ሺህ ዕቃዎች ባለቤትነት ነበር። በ2019 ደግሞ ቤተሰቡ በድርድሩ ላይ ሴሲሊንሆፍን በመሳሰሉ ቤተ መንግሥቶች ውስጥ የመኖር መብት ጭምር ማንሣቱ ሲሰማ አገሩ ተቆጣ።

እንግዲህ ዳኛው የታሪክ ጥያቄ መመለስ ሊኖርበት ነው። አልጋ ወራሹ ጉልህ ድጋፍ ሰጥቷል ወይስ አልሰጠም? አራት የታሪክ ምሁራን ጥናት ጻፉ። ክሪስቶፈር ክላርክ ሰውየው ብዙ ክብደት አልነበረውም አለ፤ በኋላ አቋሙን ለዘብ አድርጓል። ቮልፍራም ፒታ እንዲያውም ሂትለርን ለማስቆም ሞክሯል እስከማለት ደረሰ። ሽቴፋን ማሊኖቭስኪና ፔተር ብራንት ግን ድጋፉ ጉልህ ነበር ብለው ማስረጃ ደረደሩ። ጥናቶቹ በምስጢር ተይዘው ነበር። በ2019 አንድ የቴሌቪዥን ቀልደኛ አራቱንም አወጣቸው፤ ሕዝቡ አንብቦ ራሱ ፈረደ። አብዛኛው የታሪክ ባለሙያ ከሁለቱ ኋለኞች ጋር ነው። ከላይ ያለውን ባዶ ወንበር ላየ ሰው ይህ ከባድ ፍርድ አይመስለኝም።

ቤተሰቡ ግን የባሰ ስሕተት ሠራ። ስለ ጉዳዩ የጻፉ ምሁራንንና ጋዜጠኞችን በጠበቃ ማስጠንቀቂያና በክስ ያዋክብ ጀመር። አንድ ቃል እንዲሰረዝ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲታረም እየተባለ ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ቆመ። ከመጻፋቸው በፊት ሁለት ጊዜ ለማሰብ የተገደዱ ተመራማሪዎች ነበሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ደረሰ። ካሳው አልተገኘም፤ እስከዚያ ድረስ አልጋ ወራሹን ስሙን እንኳ የማያውቅ ወጣት ጀርመናዊ ሁሉ ታሪኩን አወቀ። በማርች 2023 ጌዮርግ ፍሬድሪክ የካሳ ክሶቹን አነሣ። ለታሪክ ውይይቱ መንገድ ለመክፈት ነው አለ። ይህን በማድረጉ አመሰግነዋለሁ። ዘግይቷል፤ ግን በገዛ ፈቃዱ አድርጎታል።

«ልጅ በአባቱ ኃጢአት አይጠየቅም» የሚሉ አሉ። ቅንነት ያለው ክርክር ነው፤ መልስ ይገባዋል። ጌዮርግ ፍሬድሪክ በ1933 አልተወለደም። ማንም ሊከሰው፣ ሊያስረው፣ ሊያሳፍረው አይገባም። መሥራት፣ መነገድ፣ መጻፍ፣ እንደማንኛውም ጀርመናዊ መኖር መብቱ ነው። ካሳውን የጠየቀው ግን በራሱ ሥራ አልነበረም። የአልጋ ወራሹ የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ ብሎ ነው የጠየቀው። ጥያቄው የቆመው በቅድመ አያቱ ላይ ነው። ታዲያ ቅድመ አያቱ ሲጠራ አንድ ጎኑ ብቻ ሊመጣ አይችልም። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚለው ያገራችን አባባል የሚሠራው ሰው ውርስ ሲረከብ ነው። ውርሱን አልፈልግም ያለን ዕዳ ክፈል የሚለው የለም። የጀርመን ሕግም ያለው ይህንኑ ነው፤ ማንንም አልቀጣም፤ ከሕዝብ ግብር ለዚህ አይከፈልም ብቻ ነው ያለው።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ይህ ቤተሰብ የሚሄድበት ሕግ ነበረው፤ የሚሰማው ፍርድ ቤትና የሚደራደረው ሚኒስትር ነበረው። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ የኖረ ስም በር ያስከፍታል። ሄሬሮዎችና ናማዎችስ? በ2017 ኒውዮርክ ድረስ ሄደው ጀርመንን ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለኝም ብሎ በ2019 ዘጋው። በ2021 የጀርመን መንግሥት የተፈጸመው የዘር ማጥፋት መሆኑን ተቀብሎ በ30 ዓመት የሚከፈል 1 ቢሊዮን 100 ሚሊዮን ዩሮ ለልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ካሳ ግን አላለውም። የብዙዎቹ ተጎጂ ማኅበረሰቦች መሪዎች እኛ ሳንጠራ የተደረገ ድርድር ነው ብለው ተቃወሙ። የትሮታን ሻለቆች ያሰማራው ቤት ዘሮች ስለ ሳህንና ስለ ሥዕል በሕግ ሲሟገቱ፣ መሬትና ከብታቸውን፣ ዘመዶቻቸውን የተቀሙት ሰዎች ዘሮች የሚሟገቱበት ሕግ አጡ። ጀርመን ለታሪኳ ያላት ጥንቃቄ በብዙ ነገር ያስከብራታል። እዚህ ላይ ግን አልጨረሰችም።

በርሊን መሐል ላይ በ1950 በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በፈንጂ የፈረሰው የሆሄንዞለርኖች ቤተ መንግሥት አለ። ከ600 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቶበት የውጭ ግድግዳው እንደ ጥንቱ ተሠርቶ ሁምቦልት ፎረም በሚል ስም ከ2020 ጀምሮ ተከፍቷል። ውስጡ የተቀመጠው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከፓስፊክ የተሰበሰበ ዕቃ ነው፤ ብዙው በቅኝ ግዛት ዘመን የመጣ። እዚያ ሙዚየም የሚገባ ሕፃን ጣሪያው ላይ ያለውን የነገሥታቱን መስቀልና ጉልላት አይቶ ይገባል፤ ውስጥ ሲደርስ የተገዢዎቹን ዕቃ ያያል። ሁለቱን የሚያገናኘውን ታሪክ ሊነግረው የሚገባ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ አዲሱ ፋውንዴሽን ሥራውን ሲጀምር የምጠይቀው ግልጽ ነው። ሠዓሊው ክራናክ የሣለውን የመራጭ መስፍኑን የቀዳማዊ ዮአኪምን ሥዕል ያሳዩን፤ ውብ ነው። ከዝሆን ጥርስ የተሠራውን ወንበር ሲያሳዩን ግን የብራንደንቡርግ መርከቦች የዝሆን ጥርስና ሰው ከየትኛው ባሕር ዳርቻ ይጭኑ እንደነበር አጠገቡ ይጻፉ። ታላቁ ፍሬድሪክ ያቋቋመው ኒሻን ሲቀርብ በ1905 ማን ደረት ላይ እንደተሰካ ይጻፉ። የ1933ቱ ባዶ ወንበር ፎቶም ይኑር። የአክሱም አራት ቅጾችም ይኑሩ፤ የኛም ተማሪዎች ሄደው ይዩዋቸው። ቤተሰቡ ደግሞ በእጁ ያሉትን ደብዳቤዎችና ሰነዶች ለማንኛውም ተመራማሪ፣ ለጀርመናዊውም ለናሚቢያዊውም፣ ያለ ጠበቃና ያለ ቅድመ ሁኔታ ይክፈት። በ2023 ለታሪክ ውይይት መንገድ እከፍታለሁ ያለው ራሱ ነው። በናሚቢያ ዋና ከተማ በዊንድሁክ ያለ ወጣት የታሪክ ተማሪ ነገ ደብዳቤ ጽፎ «ስለ 1904 ምን አላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልስ ሊያገኝ ይገባል።